የጣሪያ ግብር፦ 3 ኮከብ ሰጠሁ፣ የቅናሹን ወረቀት ግን አልፈረምኩም

ሰው ክትፎ በልቶ ይገመግማል። ስልክ ገዝቶ ስለ ባትሪው ይጽፋል። እኔ ደግሞ ዘንድሮ 940 ብር ከፍዬ የገዛሁትን ነገር ልገምግም። ሻጩ የከተማችን ማዘጋጃ ቤት ነው። የተሸጠልኝ ነገር በወረቀት ላይ «የቦታ ኪራይና የቤት ግብር» ይባላል። እኛ ሰፈር የጣሪያ ግብር እንለዋለን።

የከተማዋን ስም አልጽፍም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ናት። ደጋ ናት፤ ጠዋት ያለ ጋቢ የሚወጣ ሰው እንግዳ መሆኑ ይታወቅበታል። ከዚህ በላይ ብናገር መስኮት 4 ላይ ያለችው ልጅ ለከርሞ ማኅደሬን ጭራሽ ታጠፋብኛለች። ዘንድሮ ለሁለት ቀን ብቻ ነው ያጠፋችው።

መጀመሪያ ስለ ራሴ። ኮብልስቶን አንጣፊ ነኝ። 13 ዓመት ተንበርክኬ ድንጋይ ስደረድር ኖሬአለሁ። ከማዘጋጃ ቤቱም ሥራ ወስጄ አውቃለሁ። ይህን ቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው እንዳይናገርብኝ ነው፤ የምለውን በዚያ መዝናችሁ አንብቡ። የእድራችን ገንዘብ ያዥም ነኝ። 200 ካሬ ላይ የጭቃ ቤት አለችኝ፣ ከኋላዋ ሁለት ሰርቪስ። አንዱን ለአስተማሪ አከራይቻለሁ። በሌላው በጎቼ ያድሩበታል።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ሰፈር ውስጥ የሚዞር ወረቀት ነው። «የዘንድሮው ግብር በግማሽ ይቀነስልን» ይላል። አምና 310 ብር የነበረው የእኔ ግብር ዘንድሮ 940 ስለገባ፣ ወረቀቱን ያመጡልኝ ሰዎች እስክሪብቶውን ከፍተው ነው የመጡት። እስክሪብቶውን ዘግቼ መለስኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ቡና ላይ ስገባ ወሬ ይቋረጣል።

እንግዲህ ግምገማው። ከአከፋፈሉ ልጀምር፣ ምክንያቱም በጣም ቀሽም የሆነው እሱ ነው። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በመጀመሪያው ቀን «ሲስተም የለም» ተባልኩ። ይህ ሲስተም የት እንደሚሄድ አላውቅም፤ ብቻ እኔ ስመጣ ነው የሚሄደው። በሁለተኛው ቀን ሲስተሙ ነበር፣ ማኅደሬ አልነበረም። ልጅቷ መደርደሪያውን ሁለቴ ዞረችው። አቧራዋን እያራገፈች መጣችና «ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት ቤት አለዎት?» አለችኝ። ካርታዬን ከብብቴ አውጥቼ ዘረጋሁላት። ካርታው ላይ ያለው ቁጥርና መዝገቡ ላይ ያለው በአንድ አኃዝ ይለያያል። አስተካክሉልኝ ብል «እሱ የመሬት ነው፣ እኛ ገቢ ነን» ተባልኩ። መሬት የሚሉት ከኮሪደሩ ማዶ ያለውን ክፍል ነው። አሥር እርምጃ አይሞላም። እነሱ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን ማኅደሬ ተገኘ፤ ሌላ ሰው ማኅደር ውስጥ ታጥፎ ተኝቷል። ከፈልኩ፣ ደረሰኝ ተቆረጠልኝ። ለአዛውንትና ለአራስ ቅድሚያ ሲሰጡ አይቻለሁ፣ ይህን አልክድም። ለአከፋፈሉ 1 ኮከብ። እሱም ለአራሶቹ ስል ነው።

አሁን በገንዘቤ ወደተገዛው ነገር ልግባ። ቦይ። ሰው ስለ ግብር ሲያወራ ቦይ ትዝ አይለውም። እኔ የምኖረው ከቦዩ በታች ስለሆነ ትዝ ይለኛል። ሰፈራችን ተዳፋት ላይ ነው፤ ከበላያችን ያለው መሬት መረሬ ነው። መረሬ በበጋ እንደ እረኛ ተረከዝ ይሰነጣጠቃል። ክረምት ሲገባ ውሃውን ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ከዚያ በቃኝ ይላል። ከሐምሌ አጋማሽ ወዲያ የሚወርደው ዝናብ በላዩ ተንሸራቶ እኛ ጋ ነው የሚመጣው። ቦዩ ከመሠራቱ በፊት አንድ የነሐሴ ሌሊት ውሃው በኩሽናዬ ገብቶ በጓዳዬ ወጥቷል። የልጄ ጫማ ጠዋት ከሦስት ቤት በታች ተገኘ። የኩበት ክምሬ ግን ከነአካቴው ሄደ። በደጋ ክረምት ኩበቱ የሄደበት ቤት ምን እንደሚመስል ለቆላ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ባለቤቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከጎረቤት እየተበደረች ነው እንጀራ የጋገረችው።

ቦዩ ከተሠራ ዘንድሮ አራተኛ ክረምቱን ጨረሰ። በድንጋይ የተገነባ ነው፤ ስፋቱ 60 ሳንቲ፣ ጥልቀቱ 80፣ ርዝመቱ በእኛ ሰፈር 400 ሜትር ገደማ። የእኔ እጅ የለበትም፣ ሌላ ማኅበር ነው የሠራው። ስለዚህ ያለ ይሉኝታ ልተቸው። ግንቡ ጥሩ ነው፤ ድንጋዩ ተመርጦ ነው የገባው፣ ልስኑም አልተላጠም። ወለሉ ግን ልኩን ስቷል። ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ሲደርስ ሆዱ ይወርዳል። ውሃ እዚያ ይቆማል፣ ደለል ይተኛል፣ ፌስታሉም የውሃ ፕላስቲኩም እዚያው ይሰበሰባል። ክዳኑ አምስት ቦታ ተሰብሯል። በአንዱ የባጃጅ ጎማ ገብቶ ስንጎትት አምሽተናል።

እንዲህ ያለ ቦይ ሰኔ ሳይገባ ካልተጠረገ የመጀመሪያው ጎርፍ ይወትፈዋል። ካቻምና ማዘጋጃ ቤቱ አልጠረገውም። ለምን ስንል «በጀት አልቋል» ተባልን። ውሃው እንደገና አጥሬን ይዞ ወረደ። ባለፈው ግንቦት ግን ተጠረገ፣ በክረምቱ ቤቴ ደረቅ ነበር። ለቦዩ 4 ኮከብ። አንዷን ኮከብ የበላት ያ ሆዱ ነው።

የቀረውን ቶሎ ልበለው። ቆሻሻ በሳምንት አንዴ ይነሳል፤ ወጣቶቹ በጋሪ እየዞሩ ጥሩንባ ይነፋሉ፣ ደህና ናቸው። የእሳት አደጋ መኪና አንዲት አለች። በሰዓቱ ስትደርስ አይቻለሁ፣ ውሃ ይዛ ስትደርስም አይቻለሁ፣ ሁለቱን በአንድ ቀን ግን ገና አላየሁም። የመንገድ መብራት እኛ በር ላይ ያለው ከሰኔ ጀምሮ ጠፍቷል። ማታ ከቅዳሴም ሆነ ከጠላ ቤት የሚመለስ ሰው በስልኩ እያበራ ነው የሚሄደው።

ታዲያ እንዲህ እያጉረመረምኩ ለምን አልፈረምኩም?

ወረቀቱን የጻፈው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለቅሶ ላይ ቀድሞ የሚደርስ፣ ድንኳን የሚተክል ሰው ነው። ግን ባለ ሁለት ፎቅ ቤት አለው፣ ታች ሦስት ሱቅ አከራይቷል። የእሱ ግብር 14,000 ብር ነው። በግማሽ ሲቀነስለት 7,000 ብር ኪሱ ይቀራል። እኔ 470 ብር አተርፋለሁ። ከአጥሬ ማዶ አንዲት ክፍል ቤት ያላቸው እማማ ደግሞ የሚከፍሉት 120 ብር ነው። 60 ብር ያተርፋሉ። ሦስት እንቁላል መሆኗ ነው።

ወረቀቱ ላይ 61 ፊርማ አለ። አብዛኛው የእማማ ዓይነት ነው። እሳቸው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ነው የፈረሙት። «ምን ላይ ነው የፈረሙት?» አልኳቸው። «ግብር ይቀነስ ነው አሉኝ ልጄ። ይጨመር የሚል ማን አለ?» አሉኝ። ይህን የሚመልስ አንደበት የለኝም።

ቤቴ ገብቼ ግን ማስላት ጀመርኩ። ሥራዬ ነው፣ ዋጋውን አውቀዋለሁ። ያንን 400 ሜትር ለመጥረግ 12 ሰው አራት ቀን ይፈልጋል። በቀን 500 ብር ሲሆን 24,000። ደለሉን ለማንሳት አይሱዙ ስድስት ምልልስ፣ በ2,500፣ 15,000። አምስቱን ክዳን ለመቀየር አንዱን በ1,800፣ 9,000። ድምሩ 48,000 ብር። እድራችን 80 አባወራ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በጀት የለኝም ካለ ለእያንዳንዱ ቤት 600 ብር ይደርሳል።

600 ብር ከእማማ። 600 ብር ከወፍጮ ቤቱ።

እማማ 60 ብር ተቀንሶላቸው 600 ያዋጣሉ። እኔ 470 አትርፌ 130 እከስራለሁ። ወፍጮ ቤቱ መዋጮውን ከፍሎ እንኳ 6,400 ይተርፈዋል። ግብር ቢያንስ የጣሪያውን ስፋት ያያል። መዋጮ የሚያየው በርን ነው፣ በር ደግሞ ሁሉም ቤት አለው። መዋጮ ሊሰበስብ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሃምሳ ሎሚን እየተረተ ነው የሚመጣው። ያ ተረት ላይ ግን አንዱ ሎሚውን በጋሪ፣ አንዱ በእጁ ይዞ እንደሚመጣ የሚናገር የለም።

ይህን ከአየር ላይ አላመጣሁትም። ካቻምና በጀት አልቋል ሲባል አዋጥተናል። በየቤቱ 300 ብር። ስም በደብተር ተጻፈ፣ ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። ቦዩ እስከ ግማሽ ተጠረገና ገንዘቡ አለቀ ተባለ። ኮሚቴው ደብተሩን አሳዩን ሲባል ደብተሩ የሰብሳቢው ልጅ ትምህርት ቤት ይዞት ሄዷል አሉ። ሳቅን። ከዚያ ማን ጋ ይኬዳል? ጎረቤትህን ትከሳለህ?

የግብሩ ደረሰኝ ግን ሌላ ጣጣ አለው፣ ደስ የሚል ጣጣ። ባለፈው ሚያዝያ ከእድራችን ሰዎች ጋር ሆነን የ23 ቤት የግብር ደረሰኝ በስቴፕለር አያያዝን፣ ፎቶ ኮፒውን ይዘን ማዘጋጃ ቤት ሄድን። ኃላፊው መጀመሪያ አልገባውም። «ምንድን ነው ይሄ?» አለ። «ከፍለናል ማለት ነው» አልነው። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጠ፤ አንዷ ላይ የራሱ ዘመድ ስም ነበረ መሰል ፈገግ አለ። ግንቦት መጨረሻ ላይ አካፋ የያዙ ሰዎች መጡ። በመዋጮ ደብተር ይህን ማድረግ አይቻልም።

ወፍጮ ቤቱን እድር ላይ ሳገኘው ይህንኑ ነገርኩት።

«አንተ ራስህን ሦስት ቀን አመላልሰውህ የለም እንዴ?» አለኝ።

«አመላልሰውኛል።»

«ታዲያ ለእነዚህ ነው ሙሉ የምትከፍለው?»

«ወንድሜ፣ ወፍጮህ ሲበላሽ ታሠራዋለህ እንጂ ናፍጣውን በግማሽ ትቀንሳለህ?»

«የእኔ በኤሌክትሪክ ነው» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ወረቀቱን ግን አላነሳም።

የሚገርመው እድር ላይ ነው ይህን የምናወራው። የእድራችን ክፍያ በወር 50 ብር ነው፣ በዓመት 600። ከእማማ የጣሪያ ግብር አምስት እጥፍ። ገንዘብ ያዥ በሆንኩባቸው ዓመታት «እድር ይቀነስልን» የሚል ወረቀት ዞሮ አያውቅም። ድንኳኑ ይታያላ። ብረት ድስቱ ይቆጠራል፣ ወንበሩ ይቆጠራል፣ አንድ ጭልፋ ቢጠፋ ሰው ይጠየቃል። ማዘጋጃ ቤቱ ጭልፋውን አያስቆጥረንም፣ ጠባችን እዚህ ላይ ነው።

የታላቅ እህቴ ልጅ ካሊፎርኒያ ነው የሚኖረው። ስለ ወረቀቱ በስልክ ስነግረው «አጎቴ፣ እኛ ጋማ ይሄ በድምፅ ነው የሚወሰነው» አለኝ። እኛ ሕዝበ ውሳኔ የምናውቀው ለክልልነት ነው፣ በ2012 ኅዳር ሲዳማ እንዳደረገው። እዚያ ሀገር ግን ሰው ምርጫ ጣቢያ ገብቶ ስለ ቤቱ ግብር ራሱ ይወስናል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1978 ካሊፎርኒያ ውስጥ «ፕሮፖዚሽን 13» የሚባል ሐሳብ ቀርቦ ከመቶ 65 ገደማው ድምፅ ሰጪ ደግፎታል። ግብሩ ከቤቱ ግምት 1 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ግምቱም ወደ 1975ቱ እንዲመለስና ከዚያ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ተደረገ። ቤቱ ሲሸጥ ግን ግምቱ እንደገና በሽያጩ ዋጋ ይጀምራል።

ሲሰሙት ደስ ይላል። ልጁ ግን ቤቱን የገዛው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፣ በ700,000 ዶላር። በዓመት ከ8,000 ዶላር በላይ ይከፍላል። ከጎኑ ያለችው ሴትዮ ቤቷ የእሱ መንታ ነው፤ የገዛችው ግን በ1970ዎቹ ስለሆነ 1,500 እንኳ አትሞላም አለኝ። ሁለቱም በአንድ መንገድ ይወጣሉ፣ አንድ እሳት አደጋ ይጠብቃቸዋል። ዋረን ባፌት የሚባለው የዓለም ቱጃር ሳይቀር ይህን ተናግሮ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2003። ኦማሃ ያለው የግማሽ ሚሊዮን ዶላር ቤቱ 14,401 ዶላር ግብር ሲከፈልበት፣ ካሊፎርኒያ ያለው የ4 ሚሊዮኑ ቤቱ 2,264 ብቻ ነበር የሚከፈልበት። የቅናሹ ትልቁ ቁራሽ የት እንደገባ አያችሁ። ለእማማ ሦስት እንቁላል፣ ለባፌት ሙሉ በሬ።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ከድምፁ በኋላ የየአካባቢው አስተዳደር የንብረት ግብር ገቢ ከግማሽ በላይ ወረደ። ጉድለቱን የክልሉ መንግሥት ከዋና ከተማው ከሳክራሜንቶ መሙላት ጀመረ፤ የገንዘቡ ሥልጣንም አብሮ ወደዚያ ሄደ። ይህን ስሰማ ያንን ደረሰኝ አሰብኩ። ዛሬ 23 ደረሰኝ ይዤ በእግሬ ሄጄ የምጮህበት ቢሮ አለ። ገንዘቡ ከላይ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ኃላፊው «ከላይ አልተለቀቀልንም» ብሎ ይሸኘኝ ነበር፣ እውነቱንም ነበር። ሰሜን ዳኮታ የሚባል ክልላቸው እ.ኤ.አ. በ2024 የንብረት ግብር ጭራሽ ይቅር የሚል ሐሳብ ለድምፅ ቀርቦለት ከመቶ 63 ገደማው አይሆንም ብሏል። እነሱም ግብር ስለወደዱ አይመስለኝም። ቦያቸውን አስበው ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ለፈራሚዎቹ እሰጣለሁ። ከ310 ወደ 940 እንዴት እንደተደረሰ ማንም አላስረዳንም። ይህ ያናድዳል። የቤት ግብር መሠረቱ የ1968ቱ አዋጅ ቁጥር 80 ነው፤ ቤቱ በዓመት ቢከራይ ስንት ያወጣል በሚል ግምት ነው የሚሰላው። ሃምሳ ዓመት ሆነው። የእኔ ጭቃ ቤት ኪራይ ስንት ተብሎ ተገመተ? በጎቼ የሚያድሩበት ክፍልስ ተከራይ አለው ተብሏል? ጠየቅሁ፣ «ከኮምፒውተሩ ነው የወጣው» ተባልኩ። ገና ደግሞ አዲሱ አለ። ጥር 2017 የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ለሕንጻ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ፣ ለመሬት የመጠቀም መብት ከ0.2 እስከ 1 በመቶ ያስከፍላል። እሱ ደግሞ የኪራይ ግምትን ትቶ የንብረቱን ዋጋ ነው የሚያየው። እሱ እኛ ደጅ ሲደርስ ጭንቁ መቶኛው ላይ አይደለም፣ ዋጋውን የሚገምተው ሰው ላይ ነው። ቤቴን የሚገምት ሰው በጉን ከአስተማሪው ለይቶ ይወቅልኝ።

ስለዚህ ሌላ ወረቀት ጽፌአለሁ። በራሴ እጅ፣ በእድሩ ደብተር ቅጠል ላይ። ሦስት ነገር ይላል። የየቤቱ ስሌት በግድግዳ ይለጠፍ። ከሰፈራችን የተሰበሰበው ገንዘብ ስንት እንደሆነና ምን ላይ እንደዋለ በዓመት አንዴ እድር ስብሰባ ላይ መጥታችሁ ንገሩን። እንደ እማማ ጧሪ የሌላቸውን ጨርሶ ማሯቸው፤ የእሳቸው 120 ብር ለማዘጋጃ ቤቱ ምንም አይደለችም፣ ለእሳቸው ግን የሳምንት ሽሮ ናት። እስከ ዛሬ 9 ሰው ፈርሞልኛል። አንደኛዋ እማማ ናቸው። የወፍጮ ቤቱንም ፈርመዋል፣ የእኔንም። «ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ» ብለው።

በጠቅላላው 3 ኮከብ። ደረሰኙን ፎቶ ኮፒ አድርጌአለሁ። ሰኞ ጠዋት 2፡30 መስኮት 4 ነኝ፣ በሬ ላይ ስላለው አምፖል ልጠይቅ። ከበራች 4 አደርገዋለሁ።